ዶክተር ሴመልቫይስና አለቃው

ስለ ዶክተር ኢግናዝ ሴመልቫይስ አብዛኞቻችን በአንደኛ ዓመት የኢንፌክሽን መከላከል ኮርስ ላይ ተምረናል። ሃንድአውቱ ላይ ያለው ሁለት መስመር ነው፤ እጅ መታጠብን ያስጀመረ ሐኪም ይልና ያልፈዋል። እኔም ለፈተና ሸምድጄ ከፈተናው በኋላ ረሳሁት።

እንደገና ያስታወሰኝ ያለፈው ሴሚስተር የተግባር ልምምድ ነው። የተመደብኩበትን ጤና ተቋም ስም አልጠራም። በማዋለጃው ክፍል ውሃ ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። በጀሪካን የተቀዳውም አልቆ ከአንዷ እናት ወደ ሌላዋ እጅ ሳይታጠብ ሲታለፍ አየሁና ለክፍሉ ኃላፊ ነገርኳቸው። ነገርኳቸው ከምል ጠየቅኳቸው ብል ይሻላል፤ ድምፄም ከፍ አላለም። እሳቸው ግን እናቶቹም ጓደኞቼም ባሉበት አስተማሪ ሆኜ የመጣሁት ከየት እንደሆነ ጠየቁኝ። በማግስቱ ከማዋለጃው ወጥቼ ካርድ ክፍል ተመደብኩ። የቀረውን ጊዜ በሙሉ ካርድ ስደረድር ከረምኩ። የምዘናው ቅጽ ሲመጣ በክህሎት የተሰጠኝ ነጥብ ከሁሉም ያነሰ ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው የሚፈለገውን ያህል ወሊድ አለማየቴ ነው። ውሸት አይደለም፣ አላየሁም። ካርድ ክፍል ውስጥ ማን ይወልዳል?

ቅጹን ይዤ አንድ መምህሬ ዘንድ ሄድኩ። ካዳመጡኝ በኋላ ስለ ነጥቡ ምንም ሳይሉ የሴመልቫይስን ሕይወት ከዳር እስከ ዳር እንዳነብ መከሩኝ። በመጀመሪያ ገሸሽ ያደረጉኝ መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ሳነበው ግን ሃንድአውቱ የዘለለው ትልቅ ነገር እንዳለ ገባኝ። የዘለለው የሰውየውን አለቃ ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚሁ ምክንያት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴመልቫይስ የተወለደው በ1818 ቡዳ ከተማ ውስጥ ታባን በሚባል ሰፈር ነው። በዚያን ጊዜ ቡዳና ፔሽት ገና አልተዋሃዱም፤ በዳኑብ ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ከተሞች ነበሩ። አባቱ የቅመማ ቅመምና የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ሲሆን ቤቱ ደህና ኑሮ ያለው ነበር። ከአሥር ልጆች አምስተኛው እሱ ነው። በ1837 ሕግ ሊማር ቪየና ገባ። ከዚያ ሕጉን ተወና ወደ ሕክምና ዞረ፤ በ1844ም በሐኪምነት ተመረቀ። የሚመኘው ሌላ የሕክምና ዘርፍ ነበር። በጊዜው ታዋቂ በነበሩት በሽኮዳና በሮኪታንስኪ ሥር ቦታ ፈልጎ ስላልተሳካለት ነው ወደ ማዋለድ የመጣው። ማዋለድ ያን ጊዜ ብዙ ሐኪም የሚሻማበት ሙያ አልነበረም። እኛም ዲፓርትመንት ስንመርጥ ስንቶቻችን ሦስተኛ ምርጫችን እንደደረሰን እናውቃለን!

የቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል በዓለም ከታወቁት ትላልቅ ሆስፒታሎች አንዱ ነበር። የማዋለጃው ክፍል ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከ1840 ጀምሮ በአንደኛው ክሊኒክ የሚማሩት የሕክምና ተማሪዎች ብቻ፣ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጆች ብቻ ሆኑ። እናቶች የሚገቡበት በተራ ነው፤ አንድ ቀን የመጣች አንደኛው፣ በማግስቱ የመጣች ሁለተኛው ክሊኒክ ትገባለች። የሚመጡት በአብዛኛው ድሆችና ባል የሌላቸው ሴቶች ናቸው። በነፃ ይወልዳሉ፣ በምትኩ ገላቸው መማሪያ ይሆናል።

ሁለቱ ክሊኒኮች አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው ማለት ይቻላል። አየሩ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ ድህነቱ አንድ። ሞቱ ግን አንድ አልነበረም። በ1846 በአንደኛው ክሊኒክ ከወለዱት 4010 እናቶች 459 ሞቱ፤ ከመቶ 11.4 ማለት ነው። በሁለተኛው ከ3754 የሞቱት 105 ናቸው፣ ከመቶ 2.8። የሚገድላቸው የአራስ ትኩሳት ነው። በወለዱ በቀናት ውስጥ ሆዳቸው ይነፋል፣ ሰውነታቸው ይቃጠላል፣ ከዚያ ያልቃሉ። ይህንን የቪየና ሴት ሁሉ ያውቀው ነበር። ተራው የአንደኛው ክሊኒክ በሆነ ቀን የመጣች ሴት ተንበርክካ ወደ ሁለተኛው እንዲወስዷት ትለምናለች። የሚገርመው ደግሞ ሆስፒታል ሳትደርስ መንገድ ላይ የወለደች ሴት አንደኛው ክሊኒክ ገብታ ከወለደችው ይልቅ የመትረፍ ዕድሏ የተሻለ ነበር።

የአንደኛው ክሊኒክ አለቃ ፕሮፌሰር ዮሐን ክላይን ነበር። ክላይንን በደንብ ካላወቅነው የቀረው ታሪክ አይገባንም። ከክላይን በፊት ክሊኒኩን የመራው ሉካስ ቦኤር የሚባል ሐኪም ነው። ቦኤር ተማሪዎቹን ሲያስተምር በሬሳ አይጠቀምም ነበር፤ ከቆዳ በተሠራ የሴት አካል አምሳያ ነበር የሚያለማምዳቸው። በእሱ ዘመን የሚሞቱት እናቶች በአማካይ ከመቶ አንድ ተኩል እንኳ አይደርሱም ነበር። በ1822 ቦኤር ከሥራው ሲሰናበት ቦታውን ክላይን ያዘ፤ ማስተማሪያውንም ወደ ሬሳ ለወጠው። በ1823 ሟቾቹ ከመቶ 7 በላይ ሆኑ። ለሃያ ምናምን ዓመት በመዝገብ የተከማቸው ሞት የክላይን ፊርማ ያለበት ሞት ነው። ክላይን ግን እንዲህ አድርጎ አላየውም፤ ማንም እንዲህ አድርጎ አላየውም። በሽታው ከአየር ይመጣል፣ ከምድር ይነሳል፣ እየተባለ ነበር የሚኖረው።

ሴመልቫይስ በሐምሌ 1846 የክላይን ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ረዳት ሲባል ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ለፕሮፌሰሩ ጉብኝት እናቶቹን መርምሮ ያዘጋጃል፣ አስቸጋሪ ወሊድ ላይ ይቆማል፣ ተማሪ ያስተምራል፣ መዝገብ ይይዛል። ቦታው በኮንትራት ነው፤ ዘመኑም ሁለት ዓመት። በዚያ ላይ ገና በጥቅምት ወር ከእሱ በፊት የነበረው ረዳት ፍራንዝ ብራይት ተመልሶ መጣና ሴመልቫይስ ቦታውን ለቀቀ። ብራይት በሌላ ከተማ ፕሮፌሰርነት ሲያገኝ ነው በመጋቢት 20 ቀን 1847 እንደገና የተተካው። ይህቺን ቀን ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ሥራው ያስጨንቀው ነበር። ሌሎቹ እንደ ጸሐይ መውጣትና መጥለቅ የለመዱትን ሞት እሱ መልመድ አልቻለም። ሊሞቱ ላሉት እናቶች የሚያናዝዝ ቄስ ፊት ለፊቱ ቃጭል እየተቃጨለለት በክፍሎቹ ሲያልፍ የተኙት ሴቶች ይርዳሉ። እና ፍርሃቱ ይሆን እንዴ የሚገድላቸው ብሎ ቄሱ በሌላ መንገድ ያለ ቃጭል እንዲገባ አደረገ። ምንም አልተለወጠም። በሁለተኛው ክሊኒክ ሴቶቹ በጎናቸው ተኝተው ነው የሚወልዱት ሲባል እሱም በጎናቸው አስተኛቸው። ምንም የለም። በዚያው በ1846 መጨረሻ አንድ ኮሚሽን ጥፋቱ የተማሪዎቹ ሻካራ ምርመራ ነው፣ በተለይ የውጭ አገር ዜጎቹ፣ ብሎ ደምድሞ የተማሪው ቁጥር ከ42 ወደ 20 ተቀነሰ። ሞቱ ትንሽ ጋብ ብሎ እንደገና አሻቀበ።

መጋቢት 1847 ላይ እረፍት ወስዶ ቬኒስ ሄዶ ሲመለስ ወዳጁ ፕሮፌሰር ያኮብ ኮሌችካ ሞቶ ጠበቀው። ኮሌችካ የአስከሬን ምርመራ ሲያደርግ አንድ ተማሪ በስህተት ጣቱን በቢላ ወግቶት ነው የሞተው። ሴመልቫይስ የወዳጁን የምርመራ ውጤት ሲያነብ ደነገጠ። የተገለጸው ሁሉ በየጠዋቱ በሞቱት አራሶች ገላ ውስጥ የሚያየው ነው። ወንድ ነው፣ አልወለደም፣ ግን የሞተው በአራስ ትኩሳት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ለእኛ ግልጽ ነው፤ ለዚያን ዘመን ግን መብረቅ ነበር። ተማሪዎቹና ሐኪሞቹ ጠዋት ሬሳ ይከፍታሉ፣ ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ለቅለቅ አድርገው ምጥ ላይ ያለችውን ሴት በዚያው እጅ ከውስጥ ይመረምራሉ። ጓንት የሚባል ነገር ገና የለም። አዋላጆቹ ደግሞ ሬሳ ክፍል አይገቡም። በቃ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን አንድ ነገር ነው፤ በየጠዋቱ ከማንም በላይ ሬሳ የሚመረምረው ሴመልቫይስ ራሱ ነበር። የእናቶቹን ሞት ምክንያት ለማግኘት ሲል። ይህን አልደበቀም፤ ስንቶቹን በገዛ እጁ ወደ መቃብር እንደላከ ፈጣሪ ብቻ እንደሚያውቅ በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ ተናዟል።

ባክቴሪያ በሽታ እንደሚያመጣ ያን ጊዜ አልታወቀም። እሱ የሚያውቀው በሳሙና ከታጠቡ በኋላም የሬሳው ሽታ ከእጅ እንደማይለቅ ነው። ሽታውን የሚያጠፋ ነገር የሬሳውንም ቅንጣት ያጠፋል ብሎ አሰበ። ስለዚህ በግንቦት 1847 ክሎሪን ያለበት ውሃ በክፍሉ መግቢያ አስቀመጠና እጁን በእሱ ሳያሽ ማንም እናት እንዳይነካ ከለከለ። ክሎሪኑ ውድ ሆኖ ሲገኝ ረከስ ወዳለው የክሎሪን ኖራ ለወጠው፤ ከእኛ በረኪና ጋር ዝምድና ያለው ነገር ነው። በሚያዝያ ከመቶ 18 የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ገደማ፣ በሐምሌ ወደ 1.2 ወረደ። በ1848 ሙሉው ዓመት ሲታይ ከመቶ 1.3 ያህል ነው። በመጋቢትና በነሐሴ ወር አንዲት እናት እንኳ አልሞተችም።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በጥቅምት 1847 መግል የሚወጣው የማህፀን ካንሰር የያዛት ሴት መጀመሪያው አልጋ ላይ ተኝታ፣ ከእሷ ቀጥሎ የተመረመሩት አሥራ ሁለት እናቶች ታመው አሥራ አንዱ ሞቱ። ስለዚህ መርዙ ከሬሳ ብቻ አይደለም፣ ከበሽተኛም ይመጣል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በአንዷና በሌላዋ እናት መሃልም መታጠብ ግድ ሆነ። ይህን ሳነብ ያ ጀሪካን ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

አሁን ወደ አለቃው እንመለስ። እውነቱን ለመናገር ክላይን እጥበቱን አልከለከለም፤ ሳህኑንም አላስነሳም። አለቃ ሁሉ ክፉ ስለሆነ ነው የሚበቀለው ማለትም አልፈልግም። እስቲ ራሳችንን በእሱ ቦታ እናድርግ። ሴመልቫይስ ትክክል ከሆነ ከ1823 ጀምሮ በክሊኒኩ የሞቱት እናቶች የሞቱት በእሱ የማስተማሪያ ዘዴ ነው። ይህን መቀበል ለሰው ከባድ ነው። ኪል በምትባል የጀርመን ከተማ ጉስታቭ ሚካኤሊስ የሚባል የማዋለድ ፕሮፌሰር ነገሩን አምኖ ተቀበለ፤ እጁን እያጠበ መሥራት ጀመረ። ከዚያ በፊት ያዋለዳት የገዛ ዘመዱ በትኩሳቱ መሞቷ ትዝ ሲለው ግን አላስቻለውም፤ በ1848 ባቡር ሥር ራሱን ጣለ። ክላይን ሌላውን መንገድ መረጠ። አልሰማሁም አለ፤ የነገረውንም ሰው ጥርስ ነከሰበት።

ሌላም ነገር አለ። ለሴመልቫይስ የቆሙት ሽኮዳ፣ ሮኪታንስኪና የቆዳ ሐኪሙ ሄብራ ናቸው። እነዚህ ሆስፒታሉን ሊለውጡ የሚታገሉ ወጣት ፕሮፌሰሮች ሲሆኑ ክላይን ደግሞ የድሮዎቹ ወገን ነው። ስለዚህ የሴመልቫይስ ሳህን የሁለት ቡድኖች ጠብ ውስጥ ገባች። በዚያ ላይ 1848 የአብዮት ዓመት ነው። በመጋቢት ቪየና ተናወጠች፣ ሃንጋሪም በኦስትሪያ ላይ ተነሳች። ሴመልቫይስ ደግሞ ሃንጋሪያዊ ነው። አብዮቱ ሲከሽፍ ሃንጋሪያዊ መሆን ብቻውን ያስጠረጥር ነበር።

በ1849 መጀመሪያ ሽኮዳ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን እንዲቋቋም ለፋኩልቲው ሐሳብ አቀረበና ድምፅ አገኘ። ክላይን ግን ተቃወመ፣ ወደ ላይ አቤት አለ፣ ሚኒስቴሩም ኮሚሽኑን አገደው። የሟቾቹ መዝገብ የአንድ ዓመት ሥራ እንኳ ሳይጠይቅ ነገሩን ያወጣው ነበር፤ መዝገቡ እንዳይታይ ነው የተደረገው።

ከዚያ መጋቢት 20 ቀን 1849 ደረሰ። የኮንትራቱ ሁለት ዓመት ሞላ። ሴመልቫይስ እንዲራዘምለት አመለከተ። ከእሱ በፊት ለነበረው ለብራይት ሁለት ዓመት ተጨምሮለት ስለነበር አዲስ ነገር አልጠየቀም። ለእሱ ግን አልተፈቀደም። ቦታው ካርል ብራውን ለሚባል ሌላ ሐኪም ተሰጠ።

መምህሬ ለምን እንዳስነበቡኝ የገባኝ እዚህ ላይ ስደርስ ነው። ሴመልቫይስ በወንጀል አልተከሰሰም፣ ደመወዙ አልተቆረጠም፣ በጥፋት አልተባረረም። ኮንትራቱ አለቀ፣ በቃ። ቀኑን የሚቆጥር ሰው ሁሉ ትክክል ነው ይላል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እንደሚባለው፣ አለቃው ራዝም ወይም አታራዝም የሚል ሕግ በእጁ ይዞ ሳለ ማን ምን ብሎ ይከሰዋል? ክላይን ውሸት መጻፍ አላስፈለገውም። ልክ እንደ እኔ ቅጽ።

ሴመልቫይስ ተስፋ ሳይቆርጥ በቪየና ዩኒቨርሲቲ በማዋለድ ትምህርት የዶሰንትነት ፈቃድ ጠየቀ፤ ደመወዝ የሌለው የመምህርነት ማዕረግ ነው። መጀመሪያ ተከለከለ፣ እንደገና አመለከተ። በመሃሉ በግንቦት 1850 በቪየና ሐኪሞች ማኅበር ፊት ግኝቱን በቃል አስረዳ። በጥቅምት 1850 ፈቃዱ ወጣ። ወረቀቱ ሲመጣ ግን ማስተማር የሚችለው በአምሳያ ብቻ መሆኑ ተጽፎበታል። ሬሳ አይነካም። እጅግ የሚያሳዝን ቀልድ ነው! ቦኤር በገዛ ፈቃዱ ይጠቀምበት የነበረው ለእናቶቹ ጥንቃቄ የሆነው አምሳያ፣ ለሴመልቫይስ መዋረጃ ሆኖ መጣ። በቀናት ውስጥ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ፔሽት ሄደ። እነ ሽኮዳን እንኳ አልተሰናበታቸውም። እነሱ ተቀይመውታል፤ ሽኮዳ ከዚያ በኋላ ስሙን ማንሳት ተወ ይባላል። ለእሱ ብለው ከባለሥልጣን ጋር የተጣሉ ሰዎችን እንዲህ ጥሎ መሄዱ ጥፋት ነው እላለሁ። ግን ደግሞ ካርድ ክፍል ለሳምንታት ብቻ ቆይቼ እንኳ ጓደኞቼን ማናገር እንዴት እንዳስጠላኝ አስታውሳለሁ።

ቪየና ምን ሆነች? ከእሱ በኋላ ሞቱ ወዲያው አልተመለሰም፤ በ1851 ከመቶ 2 በታች ነበር። በ1852 ወደ 4 ወጣ። በ1854 ከ4393 እናቶች 400 ሞቱ፣ ከመቶ 9.1። የእነዚህን ሴቶች ስም ማንም አያነሳም። የበቀሉን ዋጋ የከፈሉት ግን እነሱ ናቸው፤ ሴመልቫይስ ቢያንስ አገሩ መግባት ችሏል። ክላይን በ1856 በወንበሩ ላይ እያለ ሞተ። ወንበሩንም ካርል ብራውን ወረሰ።

ፔሽት ውስጥ ሴመልቫይስ በ1851 የሰንት ሮኩስ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ ያለ ደመወዝ። የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው በግል ሕክምና ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ ከወለዱት 933 እናቶች በአራስ ትኩሳት የሞቱት 8 ናቸው። በ1855 የፔሽት ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ፕሮፌሰር ሆነ። አሁን አለቃው እሱ ነው። የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ጠባብ ነበር፤ በጀት ለመቆጠብ ሲባል አንሶላው በደንብ ሳይታጠብ ይመለሳል። ሲናገር የሚሰማው ስላጣ የሚሸተውን አንሶላ ተሸክሞ ኃላፊው ቢሮ ድረስ ወሰደው ይባላል። ይህቺን ቦታ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። በ1857 ማሪያ ቫይደንሆፈርን አገባ፤ በዕድሜ በጣም ታንሰው ነበር። አምስት ልጆች ወለዱ። በዚያው ዓመት ከስዊዘርላንድ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የቀረበለትን ሹመት አልቀበልም ብሎ እዚያው ቀረ።

ስለ ሴመልቫይስ የጻፉ ሰዎች ብዙዎቹ እንደ ሰማዕት ብቻ ያዩታል። እኔ ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል፤ አልጻፈም። በ1847 ያገኘውን ነገር ሄብራ በሕክምና መጽሔት አወጣለት፣ ሽኮዳ ንግግር አደረገለት፣ እሱ ግን ብዕር ጠልቶ ከአሥር ዓመት በላይ ዝም አለ። በዚህ የተነሳ በሌሎች አገሮች ያሉ ሐኪሞች ሐሳቡን በወሬ ወሬ ነው የሰሙት፤ በሽታው ከሬሳ ብቻ ይመጣል የሚል መስሏቸው ሬሳ በሌለበትም ትኩሳት አለ እያሉ ጣሉት። አለቃው ሲጨቁነው ያልታየለትን ማስረጃ በራሱ እጅም ደብቆ ያዘው ማለት ነው። መጽሐፉን ያሳተመው በ1861 ዓመተ ምህረት ምልክት ሲሆን፣ በሠንጠረዥ የታጨቀ፣ ድግግሞሽ የበዛበት፣ ለማንበብ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው።

መጽሐፉ በቂ ሰሚ ሲያጣ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደ። በ1861 እና በ1862 በአውሮፓ ታዋቂ ለሆኑ የማዋለድ ፕሮፌሰሮች በስማቸው ግልጽ ደብዳቤ እየጻፈ አሳተመ። በደብዳቤዎቹ ገዳዮች ናችሁ አላቸው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ግማሽ መንገድ መጥተው የነበሩ ናቸው። በንዴት የተጻፈ ነገር ስንት ወዳጅ እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ ምሳሌ አላገኘሁም። ሆኖም እያንዳንዱ ቀን ስንት እናት እንደሚገድል ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው እንዴት በትህትና ይጻፍ? ሁለቱም ሐሳብ ውስጤ አለ፤ እስከ አሁን አልታረቁልኝም።

ከዚያ በኋላ ጤናው ተቃወሰ። በ1865 ባህርዩ ተለዋውጦ ቤተሰቡንና ባልደረቦቹን አስጨነቀ። ሕመሙ ምን እንደነበር ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በሐምሌ መጨረሻ ባለቤቱ ወደ ቪየና ይዛው ሄደች። ባቡር ጣቢያ የተቀበለው የድሮ ወዳጁ ሄብራ ነው። አዲስ ተቋም ላሳይህ ብሎ የወሰደው ግን የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ነበር። ሴመልቫይስ ሲገባው ሊወጣ ታገለ፤ ጠባቂዎቹ ደበደቡት፣ አስረው ጨለማ ክፍል ከተቱት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነሐሴ 13 ቀን 1865 ሞተ። ዕድሜው 47 ነበር። የገደለው ከቁስል ተነስቶ ደሙን የመረዘ ኢንፌክሽን ነው፤ ወዳጁን ኮሌችካን የገደለው ዓይነት። ቪየና ውስጥ ሲቀበር የተገኘው ሰው ጥቂት ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1867 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ስለማከም ጻፈ። በ1879 ሉዊ ፓስተር የአራስ ትኩሳትን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ፓሪስ ላይ በጥቁር ሰሌዳ ሥሎ አሳየ። የሴመልቫይስ አጽም ወደ ቡዳፔሽት የተመለሰው በ1891 ነው፤ ዛሬ ያረፈው በተወለደበት ቤት ግቢ ሲሆን ቤቱም የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ሆኗል። የቡዳፔሽት የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከ1969 ጀምሮ በስሙ ይጠራል። የክላይን ስም የሚነሳው የሴመልቫይስ ታሪክ ሲነሳ ነው።

ወደ እኔ ቅጽ ልመለስ። ነጥቡ ይለወጥልኝ ብዬ አልጠየቅኩም፤ የተጻፈው እውነት ስለሆነ የሚለወጥበት መንገድ የለም። ያደረግኩት ሌላ ነገር ነው። ሴመልቫይስ ያልጻፈውን እኔ ጻፍኩ። ውሃ የጠፋበትን ቀን፣ የጠየቅኩበትን ቀን፣ ካርድ ክፍል የተዛወርኩበትን ቀን በአንድ ገጽ ላይ አስፍሬ የእኔን ሐሳብ ሳልጨምር ከቅጹ ጋር እንዲያያዝ ለዲፓርትመንቱ ሰጠሁ። ቀኖቹን ጎን ለጎን ያየ ሰው ራሱ ያንብበው። ከዚያ ለሌሎች የክፍሌ ልጆች ሳሳያቸው ተመሳሳይ ነገር የደረሰባቸው ሦስት ተገኙ። አራታችን ሆነን የልምምድ ምዘና በአንድ የክፍል ኃላፊ ብቻ እንዳይሞላ፣ ከኮሌጁ የሚመጣው ተቆጣጣሪ መምህርም አብሮ እንዲፈርምበት፣ ተማሪ ከተመደበበት ክፍል ሲነሳም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽ ማመልከቻ አስገብተናል። ማመልከቻው ዲፓርትመንት ካውንስል ላይ እንደሚታይ ተነግሮናል። ቀጣዩ የልምምድ ዙር የሚጀምረው ከካውንስሉ ስብሰባ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እኔም የተመደብኩት እዚያው ማዋለጃ ክፍል ነው።